የቡዲ ሆሊ አጭር ዕድሜ

ቡዲ ሆሊ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቴክሳስ፥ ለበክ በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1955 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ። በ1957 ክሪኬትስ ከተባለው የሙዚቃ ጓዱ ጋር የተጫወተው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ወጣ። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን ራሱ ይደርስ ስለ ነበር፥ ኋላ ቢትልስ የተባሉት የሊቨርፑል ወጣቶች አርአያ አደረጉት።

በ1959 በብርድ ወራት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞሩ የአውቶቡሱ ማሞቂያ ተበላሸ። ብርዱ ቢጸናበት ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ሌሊት አውሮፕላኑ ከአዮዋ ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር የ17 ዓመቱ ሪቺ ቫለንስ፥ ጄ. ፒ. ሪቻርድሰንና አብራሪው ሞቱ። ቡዲ ገና 22 ዓመቱ ነበር።

ከትምህርት ቤት ከወጣ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እኛም በቅርቡ ከዚህ ግቢ የምንወጣ ነንና፥ ዛሬም ድምፁን ስንሰማ ለእርሱ እያዘንን የራሳችንን ጊዜ እንቈጥራለን።