የበረሃው አባት ቅዱስ እንጦንስ

ልጆች፥ በዛሬው ትምህርታችን የመነኮሳት አባት ተብሎ የሚጠራውን የቅዱስ እንጦንስን ሕይወት እንማራለን። የኖረው በግብፅ ምድረ በዳ ነው። ምድረ በዳ ማለት ዝናብ እጅግ ጥቂት የሚዘንብበት፥ ሰብል በቀላሉ የማይበቅልበት፥ ጥቂት ሰው ብቻ የሚኖርበት ደረቅ ቦታ ማለት ነው። በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ቅዱስ እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ ቆማ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። ዕድሜው 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆን አባቱም እናቱም ሞቱ። እርሱና ታናሽ እኅቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቤቱንም እኅቱንም የመጠበቅ ኀላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል ይነበብ ነበር። የሚነበበውም ጌታችን አንድን ባለጸጋ ጎልማሳ ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥና እንዲከተለው የነገረበት ክፍል ነበር (ማቴ. 19፥21)። እንጦንስ ቃሉ ለእርሱ የተነገረ ያህል ተሰማው። ከወላጆቹ የወረሰውን 80 ሄክታር ያህል የሚሆን ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። የቤቱንም ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፈለ። እኅቱን ግን እንዲሁ አልተዋትም፤ በሃይማኖት ለጸኑ ደናግል አደራ ሰጣት።

ወደ በረሃ መውጣቱ

በመጀመሪያ በመንደሩ አቅራቢያ ተቀመጠ። ንብ ከየአበባው እንደምትቀስም እርሱም ከአንዱ አባት ጸሎትን፥ ከሌላው ትዕግሥትን፥ ከሌላው ደግሞ ትሕትናን ተማረ። ምግቡንም በእጁ ሥራ ያገኝ ነበር።

ዕድሜው 35 ዓመት ሲሆን የዓባይን ወንዝ ተሻግሮ ሰው በሌለበት በአንድ አሮጌ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ብቻውን ኖረ። እንጀራ የሚያመጡለት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በ305 ዓ.ም. ገደማ ወዳጆቹ በሩን ሰብረው ገቡ። ሰውነቱ ደክሞና ከስቶ የሚያገኙት መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ጤነኛና ፊቱ የበራ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች እርሱን አብነት አድርገው መነኰሱ።

በ311 ዓ.ም. ክርስቲያኖች ሲሰደዱ ቅዱስ እንጦንስ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በየእስር ቤቱና በየማዕድን ጉድጓዱ እየሄደ የታሰሩትን ያጽናና ነበር። ይይዙኛል ብሎ አልፈራም።

የሦስት ቀን መንገድ

ስሙ በመታወቁ ብዙ ሰዎች ይመጡበት ጀመር። እርሱ ግን ጸጥታን ስለ ወደደ በበረሃው መንገድ ከሚያልፉ ዘላኖች ጋር ተጓዘ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከተጓዙ በኋላ ከአንድ ከፍ ያለ ተራራ ደረሱ። ከተራራው ሥር ንጹሕ የምንጭ ውኃና ጥቂት የተምር ዛፎች አገኘ። ይህም በቀይ ባሕር አቅራቢያ ያለው የቁልዝም ተራራ ነው።

ልጆች፥ ይህ ቦታ ምን ይመስላል? ተራራው ከኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ራሱ ሜዳ፥ ጎኑ ግን እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል ነው። በዚያ አገር ዝናብ በብዙ ጊዜ አንድ ቀን ይዘንባል። በዘነበ ጊዜ ግን ጎርፉ በኀይል እየወረደ ዐለቱን ይቦረቡረዋል። በዚህም ምክንያት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ጥልቅ ሸለቆዎች ተፈጠሩ። የቀረው ውኃ በዐለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ከተራራው ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ቅዱስ እንጦንስ ያገኘው ምንጭ ዛሬም አልደረቀም።

በዚያም በተራራው ወገብ ላይ ባለች ጠባብ ዋሻ ይጸልይ ነበር። መነኮሳት ያን ሩቅ መንገድ እንጀራ ተሸክመው ሲመጡለት አይቶ አዘነ። ስለዚህ መቆፈሪያ፥ መጥረቢያና ጥቂት የእህል ዘር አስመጥቶ በምንጩ አጠገብ ዘራ። ለደከመ እንግዳም አትክልት ተከለ። የዱር አራዊት ግን ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ ያበላሹበት ነበር። እርሱም አንዱን ቀስ ብሎ ይዞ እርሱ ሳይበድላቸው ለምን እንደሚጎዱት ጠየቀውና በጌታ ስም እንዲሄዱ አዘዛቸው። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ውኃ ያለቀበት ጉዞ

አንድ ጊዜ በዓባይ አጠገብ የሚኖሩ መነኮሳት እንዲጎበኛቸው ለመኑት። እንጀራውንና ውኃውን በግመል ጭነው አብረው ተነሡ። በዚያ መንገድ ከተራራው ምንጭ በቀር የሚጠጣ ውኃ የለም። በመካከሉ ውኃው አለቀባቸው። ሙቀቱ ጸና። ዙሪያውን ፈለጉ፥ ምንም አላገኙም። መሄድ ስላቃታቸው በምድር ላይ ተኙ፤ ተስፋም ቆርጠው ግመሉን ለቀቁት።

ቅዱስ እንጦንስ ሁሉም ሊሞቱ እንደ ሆነ ባየ ጊዜ እጅግ አዘነ። ጥቂት ራቅ ብሎ ተንበረከከ፥ እጆቹንም ዘርግቶ ጸለየ። ጌታም በቆመበት ስፍራ ውኃ አፈለቀ። ሁሉም ጠጡ፥ አቁማዳቸውንም ሞሉ። ግመሉንም ሲፈልጉ ገመዱ በድንጋይ ተይዞ አገኙት። እርሱንም አጠጥተው በሰላም ደረሱ።

በሌላ ጊዜ ሁለት ወንድሞች ወደ እርሱ ሲመጡ በመንገድ ውኃ አለቀባቸው። አንዱ ሞተ፥ ሁለተኛውም ሊሞት ተቃረበ። ቅዱስ እንጦንስ በተራራው ላይ ሳለ ይህ ተገለጠለት። ወዲያው ሁለት መነኮሳት ጠርቶ አንድ ማሰሮ ውኃ ይዘው እንዲሮጡ አዘዘ። ቦታው የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። እነርሱም የሞተውን ቀበሩ፥ ሕያዉን ግን አጠጥተው አዳኑት።

ከቅዱስ ጳውሊ ጋር መገናኘቱ

ቅዱስ እንጦንስ 90 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእርሱ በፊት በበረሃ የኖረ አባት እንዳለ ተገለጠለት። በትሩን ይዞ ጉዞ ጀመረ፤ በሦስተኛውም ቀን የቅዱስ ጳውሊን ዋሻ አገኘ። ለጳውሊ ቁራ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት ነበር። በዚያን ዕለት ግን ለሁለቱ ሙሉ እንጀራ አመጣ። ቅዱስ ጳውሊ ባረፈ ጊዜ ሁለት አንበሶች መቃብሩን እንደ ቆፈሩ፥ ቅዱስ እንጦንስም እንደ ቀበረው በገድሉ ተጽፏል።

ዕረፍቱ

ቅዱስ እንጦንስ በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ዐረፈ። ሰዎች ሥጋውን እንዳያከብሩት መቃብሩ እንዲሰወር ሁለቱን ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። አንዱን የበግ ለምድ ለቅዱስ አትናቴዎስ፥ ሌላውን ለኤጲስ ቆጶሱ ለሰራፕዮን ተወላቸው። ሕይወቱን የጻፈልንም ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 22 ቀን ታስበዋለች።

ከተራራው ሥር በስሙ የተመሠረተው ገዳም እስከ ዛሬ አለ። ከገዳሙ ወደ ዋሻው ለመውጣት ከ1,000 የሚበልጡ ደረጃዎች አሉ። በገዳሙ የነበረ ስምዖን የተባለ መነኩሴም በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስንክሳርን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደ መለሰ ይታወቃል። በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ ስትሰሙ ያን የበረሃ ገዳም አስታውሱ።

ልጆች፥ እናንተ ወደ በረሃ ሂዱ አልተባላችሁም። ነገር ግን ታናናሾቻችሁን እንደ እርሱ መጠበቅ፥ ለእንግዳ ማሰብ፥ ለተጠማ ውኃ ይዞ መሮጥ ትችላላችሁ። የቅዱስ እንጦንስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

መልመጃ

1. ቅዱስ እንጦንስ ንብረቱን ሲሰጥ ስለ እኅቱ ምን አደረገ?
2. በደረቅ ተራራ ሥር ምንጭ የሚፈልቀው እንዴት ነው?
3. አትክልት የተከለው ለማን ብሎ ነው?
4. ሁለቱ መነኮሳት ማሰሮ ውኃ ይዘው ባይሮጡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
5. በዚህ ሳምንት ማንን ልትረዱ ትችላላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉ።