800 ሜትርን ለሴቶች ያስከፈተችው አሊስ ሚሊያ

ባሌ ሮቤ ወይ ጎባ ላይ አንዲት ልጅ የ800 ሜትር ሯጭ ነኝ ብትል ዛሬ ማንም አይገርመውም። ግን ይሄ ርቀት ኦሊምፒክ ላይ ለሴቶች 32 ዓመት ተዘግቶ ነበር። በሩን መጀመሪያ ያስከፈተችውን ሴት እናስተዋውቃችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አሊስ በ1884 ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ ተወለደች። እንግሊዝ ሄዳ አገባች፤ ባሏ በ1908 ሞተ፣ ልጅም አልነበራቸውም። እዚያው ጀልባ መቅዘፍ ለመደች። ፓሪስ ተመልሳ ደግሞ የሴቶች ስፖርት ክለብ መሪ ሆነች፣ በ1919 የአገሪቱን የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት ያዘች።

በዚያው ዓመት የሴቶች ሩጫና ዝላይ ኦሊምፒክ ውስጥ ይግባ ብላ ጠየቀች። እምቢ አሏት። የኦሊምፒክ አባት የሚባለው ኩበርታን ራሱ ሴቶች እንዲወዳደሩ አይፈልግም ነበር።

አሊስ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋመች። በ1922 ፓሪስ ላይ የሴቶች ኦሊምፒክ አዘጋጀች፦ 5 አገር፣ 77 ተወዳዳሪ፣ ወደ 20,000 ተመልካች!

ወንዶቹ ኦሊምፒክ የሚለውን ስም ስለወሰደች ተቆጡ። እሷም ተደራደረች፦ ስሙን ልተው፣ እናንተ ደግሞ ሴቶችን አስገቡ። በ1928 አምስተርዳም ላይ 5 የአትሌቲክስ ውድድር ተፈቀደ። የእንግሊዝ ሴቶች ግን 5 አነሰን ብለው ቀሩ።

ከ5ቱ አንዱ 800 ሜትር ነበር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች፤ 9 ሴቶች ጀመሩ፣ 9ኙም ጨረሱ። ጋዜጦች ግን ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ ብለው አራገቡት። በዚህ ሰበብ ርቀቱ ተሰረዘ፣ እስከ 1960 አልተመለሰም።

በ1936 የአሊስ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ የሴቶች አትሌቲክስ ወንዶች በሚመሩት ማኅበር ሥር ገባ። ሴቶቹ መሮጡን አገኙ፣ መወሰኑን ግን አጡ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን ሴት አባላት የተቀበለው ገና በ1981 ነው። አሊስ ይህን አላየችም፤ በ1957 ተረስታ ፓሪስ ላይ አረፈች። መቃብሯ ላይ እንኳ ለረጅም ጊዜ ስሟ አልተጻፈም ነበር።

በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ኮታ ሰጠ። በመክፈቻው ከሴን ወንዝ ዳር ብቅ ካሉት ወርቃማ የሴቶች ሐውልቶች አንዱ የአሊስ ነበር። በዚያው ከተማ የእኛዋ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አመጣች።

መምራቱስ? በ1992 ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን መርታለች። ከላይ አንዷ ወጣች፤ ታችስ? ሳነቴን እያየች የምትሮጠው የባሌ ልጅ ጫማ ከሰቀለች በኋላ አሰልጣኝ፣ ዳኛ፣ የክለብ ኃላፊ የምትሆንበት ወንበር ካልተዘጋጀላት የአሊስ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

በእናንተ ወረዳ ወይ ክለብ ውሳኔ ላይ የምትቀመጥ ሴት አለች? ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ለሚሮጡ እህቶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።