ጢስንና አቧራን ከሰማይ ለመከታተል መንገድ የጠረጉ ሊቅ

ጢስ ካገር አገር ሲሻገር፣ አቧራም ባሕር ሲያቋርጥ ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያመራ በምድር ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው አይገለጥለትም። ይህን ጕድለት ካቃለሉት ሊቃውንት አንዱ ቨርነር ሱኦሚ ናቸውና ታሪካቸውን ባጭሩ እናወሳለን።

ሱኦሚ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኤቭሌዝ በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለዱ። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ በኋላም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ትምህርት መምህር ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ምድርን እየዞሩ ስለሚያልፉ አንዱን ስፍራ ሳያቋርጡ መጠበቅ አይችሉም ነበር። በምድር ወገብ ላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሳተላይት ግን ከምድር ጋራ እኩል ስለሚዞር ዘወትር አንዱን ወገን ይመለከታል። ችግሩ እንደ እንዝርት መሽከርከሩ ነበር። ሱኦሚ ከባልደረባቸው ከሮበርት ፓሬንት ጋራ መሽከርከሩን ራሱን መሣሪያ አደረጉት፤ ካሜራቸው በየዙሩ አንድ ቀጭን መሥመር እያነሣ፣ መሥመሮቹ ተደርድረው ሙሉ ሥዕል ወጣቸው። ካሜራው በ1966 ወደ ሰማይ ወጣ። ሥዕሎቹ በተከታታይ ሲታዩ የደመናው ጕዞ ተገለጠ፤ የጢስና የአቧራ ክትትልም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ።

ሱኦሚ በ1995 አረፉ። ጢስንና አቧራን የሚያይ መሣሪያ ይዛ በ2011 የመጠቀችው የአሜሪካ ሳተላይት በ2012 በስማቸው ተሰየመች። እኛም ከሕይወታቸው የምንማረው እንቅፋት የመሰለውን ነገር መርምሮ አገልጋይ ማድረግን ነው።