ጋንዲ፦ አፍሪካ ውስጥ ለውል ሠራተኞች የቆመው ጠበቃ

ጋንዲ ሲባል ተማሪዎቼ የሚያውቁት ነጭ ነጠላ የለበሰውን፣ ህንድን ለነጻነት ያበቃውን ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት ያህል እዚሁ አፍሪካ ውስጥ በጥብቅና መኖሩን ስነግራቸው ይገረማሉ።

ሞሃንዳስ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1869 ህንድ ውስጥ ፖርባንደር በምትባል ከተማ ተወለደ። ለንደን ሕግ ተምሮ በ1891 ቢመለስም ሥራው አልቀናውም። ቦምቤይ ላይ የመጀመሪያ ጉዳዩን ይዞ ችሎት ሲቆም አፉ ተሳሰረ፤ አንድ ጥያቄ እንኳ መጠየቅ አቅቶት ጉዳዩን ለሌላ ጠበቃ ትቶ ወጣ። በ1893 የህንዳውያን ንግድ ቤት ለአንድ ዓመት ሲቀጥረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ።

ያኔ ደርባን ያለችበት ናታል የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከ1860 ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ህንዳውያን በአምስት ዓመት ውል ይመጡ ነበር። ተራ አገልጋይ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ጌታው በፍትሐ ብሔር ነው የሚከሰው። የውል ሠራተኛ ጥሎ ከወጣ ግን እንደ ወንጀለኛ ይታሰራል።

ጋንዲ ደርባን ላይ ጥብቅና በጀመረ በጥቂት ወራት ባላሱንዳራም የሚባል የውል ሠራተኛ እያለቀሰ ቢሮው ገባ። ጌታው ደብድቦት ልብሱ ተቀዳዷል፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረዋል፣ አፉ ይደማል። ጥምጥሙን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ የውል ሠራተኛ ነጭ ፊት ሲቀርብ እንደዚያ ማድረግ ነበረበትና። ጋንዲ ጥምጥሙን መልሶ እንዲያስር ነገረው።

ከዚያ በቁጣ ወደ ጌታው ቤት አልሮጠም። መጀመሪያ ሰውየውን ሐኪም ዘንድ ልኮ ስለ ጉዳቱ የምስክር ወረቀት አስጻፈ። ቀጥሎ ዳኛ ፊት አቀረበው፣ ቃሉ በጽሑፍ ተያዘ፣ ጌታው መጥሪያ ወጣበት። የጋንዲ ሐሳብ ጌታውን ማሳሰር ሳይሆን ሰውየውን ከዚያ ቤት ማውጣት ነበር። ጌታው መጀመሪያ እሺ ብሎ ኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ ዳኛው ግን ጥፋተኛ አለው። በመጨረሻ ውሉ ወደ ሌላ አሠሪ ተዛወረ፤ አዲሱን አሠሪ ፈልጎ ያገኘውም ጋንዲ ራሱ ነው። ወሬው ሲሰማ ሌሎች የውል ሠራተኞችም ወደ ቢሮው ይጎርፉ ጀመር።

በ1895 ደግሞ ናታል አዲስ ሕግ አወጣች። ውሉን ጨርሶ በነጻነት እዚያው የሚኖር ሠራተኛ በዓመት 3 ፓውንድ ግብር ይክፈል ተባለ። ደመወዙ በወር 14 ሺሊንግ ገደማ ስለነበር ይህ ከአራት ወር ደመወዝ ይበልጣል። ለሚስትና ለደረሱ ልጆችም ይከፈል ነበር።

ለዓመታት አቤቱታ ቢጻፍም ሰሚ አልተገኘም። በኦክቶበር 1913 በኒውካስል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከሁለት ሺህ በላይ ወንዶች፣ 127 ሴቶችና 57 ልጆች ጋንዲን ተከትለው በእግር ወደ ትራንስቫል ተጓዙ፤ ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር ግን ያሳስር ነበር። ጋንዲ በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተያዘ። ሚስቱ ካስቱርባም በዚያው ትግል ታስራለች። በ1914 በወጣ ሕግ ግብሩ ተሰረዘ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ጋንዲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ጥቁር አፍሪካውያን የሚያንቋሽሽ ነገር ጽፏል፤ እዚያ የታገለውም ለህንዳውያን ነው። በ2018 አክራ ከሚገኘው የጋና ዩኒቨርሲቲ ሐውልቱ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1915 ወደ ህንድ ተመለሰ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ዴልሂ ላይ በጥይት ተገደለ።

ከአሠሪው ጋር በሕግ የታሰረ ሠራተኛ ዛሬም አለ። ዓረብ አገር ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር ያቃታቸው እህቶቻችንን ማሰብ ይበቃል። ለዚህ ነው ለተማሪዎቼ ከሰልፉ በፊት ስለዚያ የሐኪም ወረቀት የምነግራቸው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ ሐኪም ያሳይ፣ ወረቀቱን ይያዝ፣ ቀኑን ይጻፍ። የባላሱንዳራም ጉዳይ የተጀመረው ከዚያ ነው።