በሁለት ልብ ሃያ ዓመት፤ የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ ሕይወት

ስለ ቅዱሳን ሕይወት ስናነብ ብዙውን ጊዜ ልባችንን የሚስቡት ከታላቅ ኃጢአት ወደ ታላቅ ጽድቅ በአንድ ቀን የተሻገሩት ናቸው። የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። እርሷ እምነቷን አልካደችም፤ ከገዳም አልኮበለለችም፤ በሰው ፊት የሚያሳፍር ነውርም አልተገኘባትም። ለሃያ ዓመት ያህል ሸክም የሆነባት ለብ ያለው ልቧ ነበር። ስለዚህ ታሪኳ ከሩቅ አገር ቢመጣም ለቁምስናዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ተሬዛ በስፔን አገር፣ በአቪላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1515 ተወለደች። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ስለ ክርስቶስ አንገቷን ልትሰጥ ወደ ሙሮች አገር ለመሄድ ከወንድሟ ከሮድሪጎ ጋር ከቤት ጠፍታ ወጣች፤ አጎታቸው በመንገድ አግኝቶ መለሳቸው። ይህ የሕፃንነት ግለት ብዙ አልቆየም። የፈረሰኞችን ጀብዱ የሚተርኩ መጻሕፍት፣ ሽቱና ጌጥ፣ የዘመዶች ጨዋታ ልቧን ወሰዱት። ሆኖም በ1535፣ በሃያ ዓመቷ፣ የአባቷን የዶን አሎንሶን ፈቃድ ሳታገኝ በማለዳ ተነሥታ ትስብእት ተብሎ ወደሚጠራው የቀርሜሎሳውያት ገዳም ገባች። ከአባቷ ቤት ስትወጣ አጥንቶቿ ከየመገጣጠሚያቸው የተለያዩ ያህል ተሰምቷት እንደ ነበር ኋላ ጽፋለች።

ብዙም ሳይቆይ ጽኑ ደዌ ያዛት። በኦገስት 1539 ለአራት ቀን ያህል ራሷን ስታ ወደቀች፤ የሞተች መስሏቸው መቃብሯን ቆፈሩ። ስትነቃ በዐይኖቿ ላይ የሻማ ሰም ነበር። ከዚያም ሦስት ዓመት ገደማ ሽባ ሆና ከቆየች በኋላ ዳነች፤ ፈውሷንም የቅዱስ ዮሴፍ አማላጅነት ፍሬ አድርጋ ቆጠረችው።

እንዲህ ከመቃብር አፋፍ የተመለሰ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ ለእግዚአብሔር ብቻ ይኖራል እንላለን። አልሆነም።

ገዳሙ ብዙ ደናግል የሚኖሩበትና እንግዳ የሚበዛበት ነበር። ተሬዛ ጨዋታ አዋቂ፣ በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ ስለ ነበረች የእንግዳ መቀበያው ክፍል ያለ እርሷ አይደምቅም ነበር። አንዳንድ ተናዛዥ አባቶችም በዚህ ኃጢአት የለበትም እያሉ አጽናኗት፤ እርሷ ግን ይህ ዐይነቱ ማጽናኛ ብዙ እንደ ጎዳት ኋላ መስክራለች። ቀን ከወዳጆቿ ጋር ስትጫወት እግዚአብሔር ትዝ ይላታል፤ ለጸሎት ስትንበረከክ ደግሞ ወዳጆቿ ትዝ ይሏታል። ከሁለቱም ደስታ አላገኘችም።

በመጨረሻም እንዲህ ላለች ሰው ከእግዚአብሔር ጋር በልብ መነጋገር አይገባትም ብላ የልብ ጸሎትን ከአንድ ዓመት በላይ ተወች። ትሕትና መስሏት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ የማይገባኝ ነኝ እያልን ከቅዱስ ቍርባን የምንርቅ ስንቶቻችን ነን? የሚያሳዝነው ደግሞ የልብን ጸሎት ለአባቷ ያስተማረችው ራሷ መሆኗ ነው። ሽማግሌው ስለ ጸሎት ሊጨዋወቱ ሲመጡ እርሷ መተዋን ገልጣ ምክንያቱ በሽታዋ እንደ ሆነ ነገረቻቸው። አመኗት፤ አዘኑላትም። ሌሎችን ከማስተማር አላቋረጠችም፤ የተወችው የራሷን ጸሎት ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ክፍል በጥንቃቄ ቢያነቡት መልካም ነው።

በ1543 አባቷ ሲሞቱ ያናዘዟቸውን ዶሚኒካዊውን ካህን አባ ቪሴንቴ ባሮንን አማከረች። እርሳቸውም ወደ ጸሎት እንድትመለስና እንዳትተወው አዘዟት። ተመለሰች፤ ዳግመኛም አልተወችውም። ነገር ግን መንገዱ አልቀለለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ለጸሎት የወሰነችው ሰዓት እስኪያልቅ ትቸኩልና የሰዓቱን ደወል ታዳምጥ ነበር። ብርቱ ቅጣት እንኳ ለጸሎት ከመሰብሰብ ይልቅ የቀለላት ቀን ነበረ። ይህን ሳትሸሽግ የጻፈች የቤተ ክርስቲያን መምህርት መሆኗ ያስደንቃል።

በ1554፣ የ39 ዓመት ሴት ሳለች፣ ወደ ጸሎት ቤት ስትገባ የቆሰለውን ክርስቶስ የሚያሳይ ምስል ተቀምጦ አየች። ለበዓል የመጣ ምስል ነበር። ስለ ቍስሎቹ ምን ያህል ውለታ ቢስ እንደ ሆነች ተሰማትና በፊቱ ወድቃ አለቀሰች፤ የለመነችውን ሳያደርግላት ከዚያ እንደማትነሣ ነገረችው። በዚያው ጊዜ ገደማ የቅዱስ አውግስጢኖስን ኑዛዜ ስታነብ የራሷን ታሪክ ያነበበች መሰላት። ከዚህ በፊት ትታመን የነበረው በራሷ ብርታት እንደ ነበረ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራዋ በዓለም የታወቀ ነው። ኦገስት 24 ቀን 1562 በአቪላ የቅዱስ ዮሴፍን ገዳም በድህነትና በጽሞና ሥርዓት መሠረተች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ የደናግሉ ገዳማት ቍጥር 17 ደረሰ። ከቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ጋርም የወንዶቹን ገዳማት አደሰች።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በ1571 የሆነው ነው። አለቆቿ እመ ምኔት አድርገው ወደዚያው ወደ ትስብእት ገዳም ላኳት። ብዙዎቹ ደናግል አንቀበላትም ብለው ጮኹ። እርሷም የእመቤታችንን ምስል በእመ ምኔቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ራሷ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ያ እርሷን ለዓመታት ያዘገያት የእንግዳ መቀበያም ልማዱን ቀስ በቀስ ለወጠ። በ1577 ደግሞ አለቆቻቸው እየከለከሏቸው ከ50 በላይ ደናግል እርሷን መልሰው መረጡ፤ ስለዚህም ተቀጡ።

ቅድስት ተሬዛ በአልባ ዴ ቶርሜስ ኦክቶበር 4 ቀን 1582 ሌሊት ዐረፈች። በዚያው ሌሊት የግሪጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር ስለ ተጀመረ ማግስቱ ኦክቶበር 15 ሆነ፤ በዓሏም በዚህ ቀን ይከበራል። በ1622 ቅድስናዋ ታወጀ፤ በ1970 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ መምህርተ ቤተ ክርስቲያን ብለው ሰየሟት። ይህን ማዕረግ ካገኙት ሴቶች እርሷ የመጀመሪያዋ ናት።