ሽጉጡን የሰጡት ሰው

ባለፈው ሴሚስተር የስክሪፕት መምህራችን የሰጠን የቤት ሥራ አጭር ነበር። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ልማዶችን ዘርዝረን፣ ከእነሱ ቢያንስ አንዱን የሚያፈርስ የራሳችንን ታሪክ አቅደን እንድንመጣ ነው ያዘዘን።

ዝርዝሩ አላስቸገረኝም። ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ተመልካቹ የሚያውቀው፣ ጀግናው ግን የማያውቀው አደጋ አለ። በስህተት ሌላ ሰው መስሎ የሚታይ ገጸ ባህሪ አለ፤ ከውስጥ ሆኖ የሚጠቁምም አይጠፋም። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ዕቃም ይኖራል፤ ሂችኮክ ማክጋፊን እያለ የሚጠራው ነው። ሰዎቹን እስካሯሯጠ ድረስ ሰነድ ቢሆን አልማዝ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ላይ የታየ ሽጉጥ ደግሞ ፊልሙ ከማለቁ በፊት መተኮስ አለበት።

የከበደኝ የራሴ ታሪክ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ የሱቅ ዘረፋ እንድጽፍ መከሩኝ። ጆሃንስበርግ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ይህንን ታሪክ በፊልም ማየት አያስፈልገንም። አጎቴ የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የምንደዋወለውም ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የእሱን ፍርሃት ለማርክ መሸጥ አልፈለግኩም።

መፍትሔው የተገኘው ጄፒ፣ እሑድ ቡና ላይ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ጋሼ ስለ ቤት ሥራዬ ሲሰሙ፣ የዚህ ከተማ ዝነኛው የጠፋ ሽጉጥ ከኮልፌ የመጣ መሆኑን አነሱልኝ። የሰማሁት ቢሆንም አስቤበት አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሪያ ላይ ከደቡብ አፍሪካ በድብቅ ወጥተው፣ በየካቲት አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተገኙ። ብዙ አገር ከዞሩ በኋላ ለወታደራዊ ሥልጠና ተመልሰው ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ገቡ። ቀን ቀን ተኩስ፣ ፈንጂና ረጅም ጉዞ ይለማመዳሉ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ኮሎኔል የጦር ሳይንስ ያስተምሯቸዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ቶሎ እንዲመለሱ የሚያሳስብ ቴሌግራም መጣ። ኮሎኔሉ የካርቱም በረራ አመቻቹላቸው፤ ሲሸኟቸውም አውቶማቲክ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጧቸው። ማንዴላ የጥይቱ ክብደት እንዳስቸገራቸው በግለ ታሪካቸው አንስተዋል። ስክሪፕት ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከራሱ አይፈጥርም!

ሽጉጡ ሪቮንያ፣ ሊሊስሊፍ እርሻ ደረሰ። ማንዴላ እዚያ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ የቤት ሠራተኛ መስለው ይኖሩ ነበር። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት ሽጉጡን እዚያው ቀበሩት። ነሐሴ 5 ቀን 1962 ሃዊክ አጠገብ ሾፌር መስለው ሲጓዙ ተያዙ። ሐምሌ 11 ቀን 1963 ደግሞ ፖሊሶች በልብስ ማጠቢያ ድርጅት መኪና ውስጥ ተደብቀው እርሻው ግቢ ገቡና ጓዶቻቸውን ለቃቀሙ። ቦታው ዛሬ ሙዚየም ነው። የቀድሞው እርሻ አብዛኛው ተሸንሽኖ ቤት ተሠርቶበታል፤ ፈላጊዎች ቢቆፍሩም ሽጉጡ እስካሁን አልተገኘም።

ይህንን ይዤ ቀረብኩ። መምህሬ ፈገግ ብሎ ማንዴላስ ጋን የተባለ ፊልም በ2016 እንደወጣ፣ ዳይሬክተሩም ጆን ኧርቪን እንደሆነ ነገረኝ። አፈርኩ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ሁላችንም ሽጉጡን ተከትለን ወደ ደቡብ እንሮጣለን፤ የሰጡት ሰውስ የት ደረሱ?

ኮሎኔሉ ታደሰ ብሩ ናቸው፤ በኋላ ጄኔራል ታደሰ ብሩ። ተወላጅነታቸው ሰላሌ ነው። ጣሊያን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ፤ ተይዘው ሞቃዲሾ ታስረዋል። ከዚያ ሲወጡ ኬንያ ውስጥ በእንግሊዞች እጅ ወታደርነት ተማሩ። አገር ቤት ተመልሰው ፈጥኖ ደራሽን አዘዙ፤ ምክትል የፖሊስ ኮሚሽነርም ሆኑ። በታኅሣሥ 1960 እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ለንጉሡ ታምነው ከከሸፉት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ማንዴላን ያስተማሩት ከዚህ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ መንግሥት እንዳይገለበጥ የተዋጉ ሰው፣ ሌላ መንግሥት እንዴት እንደሚታገሉት ያስተምራሉ።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል የፊልሜ መሐል አድርጌዋለሁ። ጄኔራሉ በፊደል ዘመቻው ኃላፊነት ላይ ሳሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቁ፣ ኦሮሞውን በማስተማር እንዳይቸኩሉ መከሯቸው ተብሎ ይተረካል። የሂችኮክ ጀግና በስህተት ሌላ ሰው ተብሎ ይሳደዳል። እዚህ ግን ሰውየው ሌላ ሰው በመምሰላቸው ይታመናሉ፤ የሰሙትም ሕይወታቸውን ይገለብጠዋል። ከልማዶቹ ሁሉ ለማፍረስ የመረጥኩት ይህንን ነው። አሳዳጅ የለም፣ ሩጫ የለም፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ።

ከዚያ በኋላ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማሠራት የተቋቋመውን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሩ። ሕዝቡ ተከተላቸው፤ መንግሥት ደግሞ ደነገጠ። በ1966 ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ተማሪያቸውም ከ1964 ጀምሮ በዕድሜ ልክ ፍርድ ሮበን ደሴት ነበሩ። የ1974ቱ አብዮት ጄኔራሉን ፈታቸው። ብዙ ሳይቆዩ ሸፈቱ፣ ተያዙ፤ በ1975 ደርግ ረሸናቸው።

ዕቅዱን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሳነብ ክርክር ተነሣ። አንዱ ብሔርተኛ ላደርጋቸው እንደሆነ ጠረጠረኝ፤ ሌላው የንጉሡ መኮንንነታቸውን ማስቀደሜን አልወደደም። ሁለቱንም ሰማሁ፤ ሁለቱንም አልቆርጥም። ንጉሡን ያዳኑት እጆችና በንጉሡ እስር ቤት የታሰሩት እጆች የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን ጥዬ ሌላውን ካስቀረሁ ፊልሙ ይቀላል፤ ያኔ ግን ስለ እሳቸው መሆኑ ይቀራል።

መምህሬ አሁንም ሽጉጡ መቼ እንደሚተኮስ ይጠይቀኛል። አይተኮስም። የመጨረሻው ትዕይንት ሐምሌ 1990 ነው፤ ማንዴላ ከእስር በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አበባ ገብተዋል። አገሩን የሚመሩት አስተማሪያቸው ሲረሸኑ ከደርግ ቁንጮዎች አንዱ የነበሩት መንግሥቱ ኃይለማርያም ናቸው። አቀባበል አለ፣ ሰልፍ አለ፣ እጅ መጨባበጥ አለ። ካሜራው ግን ኮልፌ ባለ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። ሰዓቱ አሥር ሲል ፊልሙ ያልቃል።

ስክሪፕቱ 40 ገጽ ደርሷል፤ የጎደለኝ የሰፈሩ ገጽታ ነው። በዚያን ዘመን ፈጥኖ ደራሽ ያገለገሉ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ የጦር ሰፈሩ በር ወደየት እንደሚዞር፣ ወታደሩ ምን እንደሚበላ፣ ከሰዓት በኋላ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማ እንደነበር ጠይቁልኝ። በመጽሔቱ አዘጋጆች በኩል ታገኙኛላችሁ።