ግራ እጁን ያስተማረው ሰው

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሃንጋሪያዊ ሽጉጥ ተኳሽ ነው። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የምትሉ ብትኖሩ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካሮይ ታካች በ1910 በቡዳፔስት ተወለደ። ወታደር ሆነ፤ በሽጉጥ ተኩስም ከአገሩ ምርጦች አንዱ ለመሆን በቃ። ሆኖም በ1936 ወደ በርሊን ኦሊምፒክ እንዳይሄድ ተከለከለ። ችሎታ አንሶት ሳይሆን ማዕረጉ አንሶ ነው። እሱ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ለውድድሩ የሚላኩት ግን መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ከበርሊን በኋላ ክልከላው ሲነሣ፣ ለ1940 ለታሰበው የቶኪዮ ኦሊምፒክ መዘጋጀት ጀመረ።

በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ ሳለ ብልሽት ያለበት የእጅ ቦምብ በቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። የሚተኩስበት እጁ ነበር። አንድ ወር ሆስፒታል ተኛ። ከወጣ በኋላ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መተኮስ ይለማመድ ጀመር።

የእሱ ውድድር ፈጣን ተኩስ ይባላል። ተኳሹ ከዒላማው 25 ሜትር ርቆ ይቆማል። በታካች ዘመን አምስት ዒላማዎች በአንድ ጊዜ ወደ ተኳሹ ይዞሩ ነበር። በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ ጥይት መተኮስ አለበት። የሚሰጠው ጊዜ መጀመሪያ 8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻም 4 ሰከንድ ነው። ሽጉጡ የሚያዘው በአንድ እጅ ብቻ ነው። ባልለመደ እጅ ስም መጻፍ እንኳ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል።

በ1939 የጸደይ ወራት ታካች በሃንጋሪ ሻምፒዮና ላይ ብቅ አለ። ጓደኞቹ ሊያይ የመጣ መስሏቸው ሐዘናቸውን ገለጹለት። እሱ ግን ሊወዳደር እንደመጣ ነገራቸው፤ አሸነፈም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የ1940ም የ1944ም ኦሊምፒክ ቀረ። ታካች ለንደን የደረሰው በ1948፣ በ38 ዓመቱ ነው። የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን አርጀንቲናዊው ዲያዝ ሳኤንዝ ቫሊየንቴ ለምን እንደመጣ ሲጠይቀው፣ ለመማር ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ከ600 ነጥብ 580 አግኝቶ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ፤ አርጀንቲናዊው በ571 ሁለተኛ ሆነ።

በ1952 በሄልሲንኪ በ579 ነጥብ ደግሞ አሸነፈ። በዚህ ውድድር ሁለት ጊዜ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በአንድ ነጥብ ተበልጦ ብር ያገኘው የ17 ዓመቱ ሲላርድ ኩን ሲሆን፣ ያሠለጠነው ታካች ራሱ ነበር። በ1956፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልቦርኑ ኦሊምፒክ፣ ስምንተኛ ወጣ። በ1976 በ65 ዓመቱ አረፈ።

እህቶቼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀጥሬ በምሠራበት ቦታ ቀኝ እጄን መኪና ያዘኝ፤ ሁለት ጣቶቼን አጣሁ። ጎረቤት ሁሉ ሙያዬ እንዳለቀ አድርጎ አለቀሰልኝ። እኔም ሰው እያየኝ ስለማልችል፣ በሬን ዘግቼ በግራ እጄ ጨርቅ መቁረጥ ጀመርኩ። በእኛ ቤት ግራ እጅ አይጎረስበትም፣ ዕቃ አይቀበሉበትም። ሥራ ይሠራበታል ብሎ ማን ያስባል?

የታካችን ታሪክ ሳውቅ አንድ ነገር ገባኝ። ግራ እጁ አዲስ ቢሆንም ዓይኑ፣ ትንፋሹና ትዕግሥቱ የቆዩ ነበሩ። ቦምቡ እጁን እንጂ ሙያውን አልወሰደበትም። የእኔም ዓይን ልኬቱን አልረሳም ነበር።

እሱ ግን ብቻውን ነው የተለማመደው፤ እኔ ብቻዬን ብሆን አልዘልቀውም ነበር። ተራ መቀስ በግራ እጅ ሲይዙት ጨርቁን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ለግራ እጅ የተሠራውን መቀስ የገዛሁት ከማኅበራችን በተበደርኩት ገንዘብ ነው። ብድሩን ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ልጃገረዶችን ስፌት አስተምራለሁ። አንደኛዋ ከእኔ የተሻለ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። ስታየኝ ስለለመደች ነው መሰለኝ፣ መቀሱን የምትይዘው በግራዋ ነው።